በፌስቲቫል የታየው ፊልም የት ገባ? የአካባቢ ዜማና የባለቤትነቱ ጥያቄ

የአንድ አካባቢ ባህልና ሙዚቃ የሚከበርባቸው ነጻ የፊልም ፌስቲቫሎች ባለቁ ቁጥር የሚነሣ ጥያቄ አለ። ተመልካቹ የወደደውን ፊልም ለወዳጆቹ ይነግራል፤ ወዳጆቹም ፈልገው ያጡታል። ሲኒማ ቤት አልገባም፣ በቴሌቪዥን አልታየም፣ በኢንተርኔት ፊልም ከሚያቀርቡት ድርጅቶች ዘንድም ስሙ የለም። መላ ምቱ ከዚያ ይጀምራል። አንዱ «አከፋፋዮች በትንሽ ቋንቋ ለተሠራ ፊልም ግድ የላቸውም» ይላል። ሌላው ደግሞ ፊልም ሠሪዎቹን «የሚሠሩት ለዳኞች እንጂ ለተመልካች አይደለም» ብሎ ይወቅሳል።

ሁለቱም ወቀሳዎች ከእውነት የራቁ አይደሉም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ መንገዱን የሚዘጋው ማንም የማይጠረጥረው ነገር ነው፤ በፊልሙ ውስጥ የሚሰማው ዘፈን። ፌስቲቫሉ ሊያከብረው የተነሣው ያው የአካባቢ ሙዚቃ ፊልሙን ከአዳራሹ እንዳይወጣ አስሮ ያስቀረዋል። ይህ የሚሆነው በማንም ክፋት አይደለም። የዘፈን ባለቤትነት የሚታይበት ሕግና ዘፈኑ የተወለደበት ኑሮ ሳይተዋወቁ በአንድ ፊልም ውስጥ ስለሚገናኙ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊልምና ሙዚቃ ለምን አብረው ይጠራሉ?

«ነጻ ፊልም» የሚባለው ከትልልቅ ስቱዲዮዎች ገንዘብና ቁጥጥር ውጭ የተሠራ ፊልም ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ፊልም ፌስቲቫል ማስታወቂያውም ገበያውም ነው፤ አንዳንዴም ብቸኛው መድረኩ ይሆናል። ትልልቆቹ ፌስቲቫሎች ዓለም ገና ያላየውን ፊልም ቀድሞ ለማሳየት ይሽቀዳደማሉ። የአካባቢ ፌስቲቫል የሚመርጠው ግን የአካባቢው ሰው ራሱን የሚያይበትን፣ ቋንቋውንና ዜማውን የሚሰማበትን ፊልም ነው።

ሙዚቃ ከፊልም ጎን የሚቆምበት ምክንያት በከፊል የሒሳብ ጉዳይ ነው። የግርጌ ጽሑፍ እያነበበ ፊልም ለማየት የሚመጣው ሰው ጥቂት ነው፤ የማታው የሙዚቃ ዝግጅት ግን መላ ቤተሰቡን ይስባል። ገንዘብ የሚሰጡት የከተማ አስተዳደሮችና የቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች ደግሞ የሚቆጥሩት የመጣውን ሰው ብዛት ነው። በቴክሳስዋ ኦስቲን ከተማ የሚካሄደው ሳውዝ ባይ ሳውዝዌስት በ1987 ሲጀመር የሙዚቃ ፌስቲቫል ነበር፤ ፊልም የተጨመረበት በ1994 ነው። በ1998 የተጀመረው የዛንዚባር ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል በአንጻሩ ፊልምን መሠረት አድርጎ፣ ሙዚቃን አጅቦ፣ ዳው በሚባሉት የሸራ ጀልባዎች ንግድ የተሳሰሩትን የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ አገሮች ባህል ለማገናኘት የቆመ ነው። በሰሜን ፊንላንድ ኢናሪ በምትባል ስፍራ ከ1999 ጀምሮ በየዓመቱ በጥር ወር የሚካሄደው የሳሚ ሕዝብ (የሰሜን አውሮፓ ነባር ሕዝብ) የፊልም ፌስቲቫል ስካብማጎቫት ደግሞ ፊልሞቹን ከሚያሳይባቸው ቦታዎች አንዱ ከበረዶ የተሠራ የውጭ ትያትር ነው። ተመልካቹ በዚያ ብርድ ተሸፋፍኖ ይቀመጣል።

ሆኖም ከሒሳቡ በላይ የሆነ ምክንያት አለ። ስለ አንድ ሕዝብ ኑሮ በሚሠራ ፊልም ውስጥ ዘፈን ማጀቢያ አይደለም። ለቅሶው በዜማ ነው፣ ሥራው በዜማ ነው፣ ልጅ የሚተኛው በዜማ ነው። ዘፈኑን አውጥቶ ሰርጉን ማሳየት አይቻልም። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ዘፈን፣ ብዙ ፈቃድ

የተቀረጸ ዘፈን በሕግ ዓይን ቢያንስ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ድርሰቱ ነው፤ ግጥሙና ዜማው። ሁለተኛው የድምፅ ቅጂው ነው፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ስቱዲዮ፣ በእነዚያ ድምፃውያንና ተጫዋቾች የተቀረጸው። ዘፈኑን ከፊልም ምስል ጋር ለማጣመር የሚሰጠው ፈቃድ በሙያው አካባቢ የሲንክሮናይዜሽን ፈቃድ ይባላል፤ «የማጣመር ፈቃድ» ማለት ነው። ይህ ከድርሰቱ ባለመብት ይገኛል። ቅጂውን ለመጠቀም ደግሞ ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱም ብዙ ጊዜ በአሳታሚው ኩባንያ እጅ ነው። አንዱ ተገኝቶ ሌላው ከቀረ ዘፈኑ ፊልሙ ውስጥ መግባት አይችልም። ግጥሙን ሁለት ሰዎች ጽፈውት፣ ዜማውን ሦስተኛ ሰው ሠርቶት ከሆነ ደጅ የሚጠናው በዚያው ልክ ይበዛል።

ዋጋውም የተወሰነ አይደለም፤ በድርድር ነው። ፊልሙ በስንት አገር፣ በምን ዓይነት መንገድ፣ ለስንት ዓመት እንደሚታይ ታይቶ ይቆረጣል። ገንዘብ የሌለው ፊልም ሠሪ ታዲያ የሚይዘው መንገድ «የፌስቲቫል ፈቃድ» የሚባለው ነው። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ፊልሙን በፌስቲቫሎች ላይ ብቻ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ለማሳየት ይፈቅዳል። ፊልሙ ይታያል፣ ይጨበጨብለታል፣ ምናልባትም ይሸለማል። ከዚያ አከፋፋይ ይመጣና ለመላው ዓለም፣ ለማንኛውም የማሳያ መንገድ፣ ለረጅም ዘመን የሚሆን ፈቃድ ያለው መሆኑን ይጠይቃል። በተለይ በአሜሪካ ገበያ «የስሕተትና የግድፈት መድን» የሚባል የመድን ውል ይፈለጋል፤ መድን ሰጪው ደግሞ የእያንዳንዱን ዘፈን ወረቀት ካላየ አይፈርምም። ፊልም ሠሪው ወደ ባለመብቶቹ ሲመለስ ዋጋው ሌላ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ፊልሙ ተወዷልና። አቅሙ ከሌለው ፊልሙ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

በ2020 ፌስቲቫሎች በወረርሽኙ ምክንያት ወደ ኢንተርኔት በተሻገሩ ጊዜ ይኸው ጉዳይ በሌላ መልኩ ወጣ። ለአዳራሽ የተሰጠ ፈቃድ ተመልካቹ ቤቱ ተቀምጦ የሚያየውን ያጠቃልላልን? ግልጽ ያልነበረባቸው ውሎች ብዙ ነበሩ። የተመልካቹን ብዛት መገደብና ማሳያውን በአንድ አገር ብቻ ማጠር የተለመደው አንዱም ለዚህ ነው።

ችግሩ ሆን ተብሎ በተመረጠ ዘፈን ላይ ብቻ አይደለም። አንዲት አሮጊት ወጥ ቤት ውስጥ ሆነው ስለ ወጣትነታቸው ሲያወሩ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም እናስብ። ከኋላቸው ሬዲዮ ተከፍቷል። የሬዲዮው ዘፈን የተቀዳው ከድምፃቸው ጋር በአንድ ማይክሮፎን ነው፤ ኤዲተሩ ዘፈኑን ዝቅ ላድርግ ቢል ንግግሩም አብሮ ይጠፋል። በፊልሙ ውስጥ እጅግ የሚነካው ታሪክ የተነገረው በዚያች ቅጽበት ከሆነ ምርጫው ሁለት ነው፤ ለሬዲዮው ዘፈን መክፈል ወይም አሮጊቷን መቁረጥ። ከመቅረጽ በፊት «እባክዎ ሬዲዮውን እንዝጋው» ማለት ያንን ሁሉ ያስቀር ነበር።

ሠላሳ ዓመት የጠበቀ ፊልም

ይህ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል በደንብ የሚያሳየው የአሜሪካዊው ዳይሬክተር የቻርልስ በርኔት ፊልም ነው። በርኔት በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከተማሩት የጥቁር ፊልም ሠሪዎች ትውልድ አንዱ ነው፤ ኃይሌ ገሪማም የዚያው ትውልድ አባል ሲሆን፣ በርኔት በኃይሌ «ቡሽ ማማ» ላይ ካሜራ ይዞ ሠርቷል። የራሱን «ኪለር ኦቭ ሺፕ» በመመረቂያ ሥራነት በ1977 ያጠናቀቀው ከ10,000 ዶላር ባነሰ ገንዘብ ነው። ፊልሙ በበግ ማረጃ ቄራ ስለሚሠራ አባወራ ነው። ሰፈሩ የሚሰማውን ሙዚቃ፣ ብሉዝና ጃዙን፣ ፊልሙ ላይ አስገባ። ባልና ሚስቱ ከመስኮቱ አጠገብ በዲና ዋሽንግተን ድምፅ ቀስ ብለው የሚደንሱበት ትዕይንት አለ፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ሰውየው ሚስቱን ትቶ ይሄዳል። ያንን ትዕይንት ያለዚያ ዘፈን ማሰብ አይቻልም።

ፊልሙ በ1981 በበርሊን ፌስቲቫል የሐያሲያንን ሽልማት አገኘ። በ1990 የአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ይገባቸዋል ብሎ ከሚመዘግባቸው ፊልሞች ተራ ገባ። ሲኒማ ቤት የገባው ግን በ2007 ነው። መሰናክሉ የዘፈኖቹ ፈቃድ ነበር፤ ለእነሱ ብቻ የተከፈለው 150,000 ዶላር ሲሆን፣ ይህም ፊልሙ ከተሠራበት ገንዘብ ከአሥራ አምስት እጥፍ በላይ ነው። በዚያን ጊዜም ቢሆን በመጨረሻው ላይ የነበረው አንድ ዘፈን ፈቃድ ሊገኝለት ስላልቻለ በሌላ ተተካ።

በርኔት ዘፈን የሰረቀ ሰው አልነበረም። ተማሪ ነበር፤ ፊልሙን የሠራውም ለገበያ ብሎ አልነበረም። ዛሬ በየአካባቢው ፌስቲቫል የመጀመሪያ ሥራቸውን የሚያቀርቡ ወጣቶች የቆሙት እሱ በቆመበት ቦታ ነው።

«የሕዝብ ዜማ ነው፤ ማን ይከለክላል?»

የአካባቢ ሙዚቃ የሚጠቀሙ ፊልም ሠሪዎች ከዚህ ሁሉ ነጻ እንደሆኑ ያስባሉ። የአያት ዘፈን ነው፣ ደራሲ የለውም፣ የሁሉም ነው ይላሉ። አባባሉ ከፊል እውነት ነው፤ ግን «የሕዝብ» ተብሎ የሚጠራው ዜማ በሁለት አቅጣጫ ሊያሳስት እንደሚችል ሁለት የታወቁ ዘፈኖች ያሳያሉ።

የመጀመሪያው ደቡብ አፍሪካዊው ሶሎሞን ሊንዳ በ1939 ጆሃንስበርግ ውስጥ ያስቀረጸው «ምቡቤ» ነው፤ በዙሉ ቋንቋ «አንበሳ» ማለት ነው። ዘፈኑ ወደ አሜሪካ ሲሻገር የአፍሪካ ባህላዊ ዜማ ተደርጎ ተወሰደ፤ ከዚያም በሌሎች ስም ተመዝግቦ የዓለም ዘፈን ሆነ። ሊንዳ መብቱን የሸጠው በ10 ሽልንግ ነበር፤ በ1962 ሲሞት ድሃ ነበር። ዜማው በ1994 በወጣው የዲዝኒ የአንበሳው ንጉሥ ፊልም ውስጥ ገባ። ቤተሰቦቹ በ2004 ከስሰው በ2006 በስምምነት የድርሻ ክፍያ አገኙ። «ባህላዊ» የሚለው ቃል ስምና አድራሻ ያለውን ደራሲ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሸፍኖት ቆየ።

ሁለተኛው ተቃራኒው ነው። በልደት ቀን የሚዘፈነው እንግሊዝኛ ዘፈን የአንድ ኩባንያ ንብረት እንደሆነ ተቆጥሮ ለአሥርት ዓመታት ገንዘብ ሲሰበሰብበት ኖሯል። ስለ ዘፈኑ ዘጋቢ ፊልም የምትሠራ አንዲት ዳይሬክተር 1,500 ዶላር ከተጠየቀችና ከከፈለች በኋላ በ2013 ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ በ2015 ኩባንያው በግጥሙ ላይ ትክክለኛ መብት እንደሌለው ወሰነ፤ በ2016 ጉዳዩ በ14 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ፤ ዘፈኑም የሁሉም ሆነ። አንዱ ባለቤት እያለው ባለቤት የለውም ተባለ፤ ሌላው ባለቤት ሳይኖረው ተከፈለበት።

ዜማው በእርግጥ ጥንታዊ ቢሆንም እንኳ ጉዳዩ አያልቅም። በዜማው ላይ አዲስ ቅንብር የሠራው ሰው በቅንብሩ ላይ መብት አለው። የቀረጸው ኩባንያ በቅጂው ላይ መብት አለው። የዘፈነው ሰውስ? ሕጉ እሱን «ከዋኝ» ይለዋል፤ የሌላውን ድርሰት ወይም የባህል ዜማን በድምፁ፣ በመሣሪያው ወይም በአካሉ የሚያቀርብ ማለት ነው። በ1961 የወጣው የሮም ስምምነት የከዋኞችን መብት ሲያውቅ የጻፈው የኪነ ጥበብና የሥነ ጽሑፍ ድርሰት ለሚያቀርቡት ነበር። የባህል ዜማ አቅራቢዎች በግልጽ የተጨመሩት በ1996ቱ የድምፅ ቅጂዎች ስምምነት ነው። በፊልምና በቪዲዮ ለሚቀረጹት ደግሞ ይህ የተጻፈው በ2012 በቤጂንግ በተፈረመውና በ2020 ሥራ ላይ በዋለው ስምምነት ነው። ስለዚህ «ዜማው የማንም አይደለም» ማለት «ዘፋኟ መብት የላትም» ማለት አይደለም። ብዙ ፊልም ሠሪዎች የሚስቱት ይህንን ነው።

በቅን ልብ የሚሠሩ የባህል ተቋማትም ስተውታል። የታይዋን የአሚስ ሕዝብ ተወላጅ የሆኑት አዛውንት ዲፋንግ ከባለቤታቸው ጋር ወደ አውሮፓ ተጉዘው ያዜሙት ዜማ በ1988 ፈረንሳይ ውስጥ ተቀረጸ። ቅጂውን የያዘው የባህል ተቋም ለኤኒግማ የሙዚቃ ቡድን ሸጠው፤ ድምፃቸው በ1996 የአትላንታ ኦሊምፒክ ማስታወቂያ ውስጥ ሳይቀር ተሰማ፤ እሳቸው ግን ስማቸው የትም አልተጻፈም ነበር። ከሰሱ፤ በ1999 ከፍርድ ቤት ውጭ ስማቸውንም ክፍያቸውንም አገኙ። የማታውን የሙዚቃ ዝግጅት ቀርጾ በማኅደሩ የሚያስቀምጥ ፌስቲቫል ሁሉ ይህን ታሪክ ሊያውቀው ይገባል።

ሕጉ የማያውቀው ባለቤት

ከዘፋኟ አልፎ የማኅበረሰቡ ባለቤትነት ሲነሣ ነገሩ ይከብዳል። የሳሚ ሕዝብ «ዮይክ» በሚባለው ዜማው አንድን ሰው ሲያዜምለት፣ ዜማው የተዜመለት ሰው ነው ይላል፤ የደራሲው አይደለም። የቅጂ መብት ሕግ ደግሞ የሚያውቀው ደራሲውን ነው። ሁለቱ አስተሳሰቦች ፊት ለፊት የሚቃረኑ ናቸው።

አማራጭ መንገድ ግን ታይቷል። ዲዝኒ በ2019 ላወጣው ሁለተኛው የፍሮዝን ፊልም የሳሚን ባህል መነሻ ሲያደርግ ከኖርዌይ፣ ከስዊድንና ከፊንላንድ የሳሚ ፓርላማዎችና ከሳሚ ምክር ቤት ጋር በጽሑፍ ተዋዋለ፤ የሳሚ አማካሪዎች በሥራው ገቡ፤ ፊልሙም በሰሜን ሳሚ ቋንቋ ድምፅ ተሠራለት። ይህ የሆነው ሳሚዎች የተመረጠ ተወካይ ስላላቸውና ኩባንያው አቅሙ ስላለው ነው። ሁለቱም በሌሉበትስ?

እዚህ ላይ ሁለት ወገኖች አሉ፤ ሁለቱም የሚደመጥ ነገር አላቸው። አንደኛው ወገን የባህል ዜማ የኖረው እየተዋዋሱት ነው ይላል። አንድ ዜማ ሦስት ሸለቆና ሁለት ድንበር ተሻግሮ በየስፍራው በሌላ ግጥም ይዘፈናል፤ ባለቤቱ ይህ ማኅበረሰብ ነው ማለት ሌላውን ማስከልከል ነው። «በማኅበረሰቡ ስም» የሚቋቋመው ኮሚቴም ገንዘቡን ለዘፋኞቹ ሳያደርስ በር ጠባቂ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ነጻ ይሁን» የሚለው ቃል ሁልጊዜ የሚጠቅመው ካሜራና ጠበቃ ያለውን ነው ይላል፤ የሊንዳን ታሪክ ይጠቅሳል። በተቀደሰ ሥርዓት ላይ ብቻ የሚዜም ዜማ በማስታወቂያ ውስጥ ሲሰማ የሚደርሰው ጉዳት በገንዘብ አይመዘንም ብሎም ይጨምራል።

ዓለም አቀፉ ሕግም መልስ አልሰጠም። የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ይህንኑ የሚመለከት ኮሚቴ ያቋቋመው በ2000 ነው። በግንቦት 2024 የመጀመሪያው ስምምነት ጸደቀ፤ የሚመለከተው ግን የዘረ መል ሀብትንና ከእሱ ጋር የተያያዘውን ባህላዊ ዕውቀት ነው። ዜማ፣ ጭፈራና ተረት በድርድር ላይ ቀርተዋል። በእኔ እምነት ሁለቱን ጥያቄዎች መለየት ያስፈልጋል። ማኅበረሰቡ በዜማው ላይ ያለው መብት ረጅም ክርክር ነው፤ አንድ ፌስቲቫል ሊፈታው አይችልም። ካሜራ ፊት የቆመችው ዘፋኝ ፈቃድ፣ ስምና ክፍያ ግን ዛሬ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ስላልተፈታ ሁለተኛውን መተው ስንፍና ነው።

ፌስቲቫሎቹ የሚያደርጉትና የማያደርጉት

በአብዛኞቹ የፌስቲቫል ማመልከቻዎች ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ አመልካቹ በፊልሙ ውስጥ ላሉት ሥራዎች ሁሉ ፈቃድ እንዳለውና ክርክር ቢነሣ ኃላፊነቱን እንደሚወስድ ያረጋግጣል። ይህ ዓረፍተ ነገር ፌስቲቫሉን ይጠብቃል፤ ፊልም ሠሪውን ግን አያስተምርም። ፊርማውን ያኖርና ያልፋል፤ ጉድለቱን የሚያውቀው አከፋፋይ ሲመጣ ነው።

ውጤቱ በፊልሞቹ ላይ መታየት ጀምሯል። ፈቃድ ያስፈራቸው ፊልም ሠሪዎች የአካባቢውን ዘፈን አውጥተው በርካሽ ከሚሸጥ የሙዚቃ ክምችት የተገዛ፣ ከየትም ያልሆነ ሙዚቃ ያስገባሉ። አንዳንዶች ሁለት ቅጂ ያዘጋጃሉ፤ አንዱ ለፌስቲቫል፣ ዘፈኑ ያለበት፤ ሌላው ለገበያ፣ ዘፈኑ የወጣበት። ሩቅ ያለው ተመልካች የሚያየው ሁለተኛውን ነው። ከሁሉ የከፋው ጉዳት ይህ ነው እላለሁ፤ የጠፋ ፊልም አንድ ቀን ሊገኝ ይችላል፣ ድምፁ የተለወጠ ፊልም ግን ስለዚያ ሕዝብ ሐሰት እየተናገረ ዓለምን ይዞራል።

መፍትሔዎቹ ብዙ ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም። ከባለመብት ጋር ሲዋዋሉ የፌስቲቫል ፈቃዱን ብቻ ሳይሆን የቀጣዩን ደረጃ ዋጋ አብሮ መቁረጥ ይቻላል፤ ፊልሙ ሲኒማ ቤት ከገባ ይህን ያህል፣ በኢንተርኔት ከተሸጠ ይህን ያህል ተብሎ። ዋጋው የሚቆረጠው ፊልሙ ገና ስም ሳያወጣ ስለሆነ ፊልም ሠሪው ይጠቀማል፤ ባለመብቱም ፊልሙ ቢሸጥ ምን እንደሚያገኝ ከወዲሁ ያውቀዋል። ፌስቲቫሉ በበኩሉ ከማረጋገጫው ዓረፍተ ነገር ይልቅ የዜማ ዝርዝር መጠየቅ ይችላል፤ የትኛው ዘፈን፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ ማን ዘፈነው፣ ማን ፈቀደ። ዝርዝሩ የማይሞላበት ቦታ ፊልም ሠሪው ሊሄድበት የሚገባው ቦታ ነው። በፌስቲቫሉ ቀናት አንድ የቅጂ መብት ጠበቃ ከወጣቶቹ ጋር እንዲቀመጥ ማድረግ ደግሞ ከአንድ ማታ የድምፅ መሣሪያ ኪራይ የሚበልጥ ወጪ አይደለም።

ለተቀረጸችው ዘፋኝ የሚቀርበው ወረቀትም ከአንድ ገጽ አያልፍም። በምትሰማው ቋንቋ ተጽፎ፣ የማታነብ ከሆነ ተነቦላት፣ ድምፅዋ የት የት እንደሚሄድ፣ ስሟ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ፊልሙ ቢሸጥ ድርሻዋ ምን እንደሆነ ይናገራል። የቤጂንጉ ስምምነት ከዋኙ ለመቀረጽ አንዴ ከተስማማ አገሮች መብቱ ወደ ፕሮዲዩሰሩ እንዲያልፍ በሕጋቸው ሊደነግጉ እንደሚችሉ ስለሚፈቅድ፣ ያለ ድርሻ የፈረመች ዘፋኝ በኋላ የምትጠይቀው ላይኖራት ይችላል። ፊርማው ሳይያዝ የቀረ እንደሆነ ደግሞ ከአሥር ዓመት በኋላ ዘፋኟ አርፋ፣ ልጆቿ በየአገሩ ተበትነው ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ፊልም ሠሪው ፈቃድ ለመለመን ቢነሣም የሚሰጠው ሰው አይገኝም፤ በፊልሙ መጨረሻ ላይ በሚያልፈው የስም ዝርዝርም በስሟ ቦታ «ባህላዊ» የሚለው ቃል ብቻ ተጽፎ ይቀራል።